በመቀሌ ከተማ ስለ አየር ክብደትና በአንዲት ምራት ላይ ስለ ቀረበ ክስ

ሰው በዐይኑ ያላየውን ነገር እንደሌለ አድርጎ መቍጠር የቆየ ልማዱ ነው። ውሃን በእንስራ፤ እህልን በቍና፤ ጨውን በግመል ጭነት ስንለካ እንኖራለን እንጂ፤ አየር ይመዘናል፤ አየር ይታፈጋል፤ አየር ይሳሳል ቢሉን ለጨዋታ የተነገረ ይመስለናል። እኛ ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለ ሆነ፤ ከሳሽ የተናገረውን፤ ተከሳሽ የመለሰውን፤ ምስክር የመሰከረውን ስንጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ አሳልፈናል። ነገር ግን አየር ራሱ ለምስክርነት ሲቀርብ ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይኸውም በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር በመቀሌ ከተማ በታላቅ እኅታችን ቤት የሆነ ነው። ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ስላገኘንበት፤ እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ወደ መቀሌ የሄድንበት ምክንያት የእኅታችን ልጅ ሚስት አግብቶ ስለ መጣ፤ ሙሽሪትን እንኳን ደኅና መጣሽ ለማለት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተን በአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ ወረድን። ይህ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,257 ሜትር ከፍ ብሎ በኲሓ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ በእንዳ ኢየሱስ በኩል ቍልቍል ይወርዳል። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት አስቀድሞ የኢጣሊያ ጦር መሽጎ የተከበበበት ስፍራ ይህ ነው። ከዳገቱ ራስ ላይ ሆነው ቢመለከቱት መቀሌ በነጭ የኖራ ድንጋይ ቤቶቿ ከበታች ተዘርግታ ትታያለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተማዪቱን መናገሻቸው ባደረጉ ጊዜ፤ ጃኮሞ ናሬቲ የሚባለው ኢጣሊያዊ የእጅ ጠቢብ በ1870ዎቹ ዓመታት የሠራላቸው ቤተ መንግሥትም በመካከሏ ቆሞ ይታያል።

መቀሌ ግን በቤተ መንግሥት ብቻ ያደገች ከተማ አይደለችም፤ ጨውም አሳድጓታል። ከአፋር ቈላ፤ ከአሳሌ የጨው ሜዳ ተፈልጦ የሚመጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ፤ በአህያም ተጭኖ ወደዚህች ከተማ ገበያ ይወጣ ነበር። የጨው ነጋዴዎቹን ጓዝ የአገሩ ሰው አርሆ ይለዋል። እንግዲህ የከተማዪቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,084 ሜትር ግድም ሲሆን፤ ጨው የሚፈለጥበት ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የጐደጐደ ነው። የጨው ጫኚ በጥቂት ቀን መንገድ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ይወጣና ይወርድ ነበር። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበለው፤ የነገራችን ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና።

በእኅታችን ቤት እንደ ደረስን፤ እግራችንን ታጥበን ሳንጨርስ ክስ ቀረበልን። ከሳሽ እኅታችን ናት፤ ተከሳሽ ምራቷ ናት። ምራቲቱ ወላጆቿ የትግራይ ተወላጆች ሲሆኑ፤ እርሷ ግን በባሕሩ ዳር በጅቡቲ ከተማ ተወልዳ ያደገች፤ ወደ መቀሌ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ክሱም ሦስት ነበር።

አንደኛው፤ ለቡና ቍርስ የሚሆን የባቄላ ንፍሮ እንድትቀቅል ታዝዛ፤ እንግዶች በተቀመጡበት ሰዓት ባቄላውን እንደ ጠጠር የደረቀ አድርጋ አቀረበች የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ከጅቡቲ እናቷ የላኩላትን የታሸገ ብስኩት ስታወጣው፤ መጠቅለያው ሁሉ እንደ ወናፍ ተነፍቶ ስለ ተገኘ፤ እኅታችን «የተበላሸ ምግብ ለዘመድ ታቀርባለች» ብላ ጥላዋለች። ሦስተኛው፤ በጥምቀት ማግሥት የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ከቤተ ሰቡ ጋራ ስትወጣ ደጋግማ እየቆመች ስላለከለከች፤ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰነፍ ተብላለች።

ምራቲቱ ይህ ሁሉ ሲነገር አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። በመጨረሻ እንድትናገር ብንፈቅድላት፤ «አደይ እንዳሉት ነው ጋሼ፤ ባቄላው አልበሰለም። ነገር ግን እናቴ ባስተማረችኝ ሰዓት ጣድሁት፤ ውሃውም ከመፍላት አላቋረጠም። ምን እንዳጠፋሁ እኔም አላውቀውም» አለች። ይህን ተናግራ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቆይተን እንደ ተረዳነውም፤ ሌሊት ሌሊት ታለቅስ ነበር፤ ወደ እናቷም ልትመለስ አስባ ነበር። በቤት ውስጥ የሚነገር ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ሲደራረብ ትዳር ያፈርሳል። በመዝገብ ቤት ያሉት ብዙ የፍቺ ነገሮች መነሻቸው ሲመረመር ከዚህ የሚበልጥ ሆኖ አላገኘነውም።

እጅግ የገረመን ግን የባልዮው ዝምታ ነው። የእኅታችን ልጅ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ለብቻው ወደ ደጅ አውጥተን፤ «አንተ ልጅ፤ ሚስትህ ስትከሰስ ምን የምታውቀው ነገር አለ?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ጥቂት ካመነታ በኋላ፤ «አጎቴ፤ ሦስቱም ክስ በአየሩ ላይ እንጂ በእርሷ ላይ የሚቀርብ አይደለም፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው። ነገር ግን እናቴን በማድ ቤቷ ተሳሳትሽ ለማለት ደፈር አልልም» አለን። በተማሪ ፊት የሚነገር እውነት በእናት ፊት እንዲህ ይከብዳል። እኛም፤ «እንኪያስ በቃል አትከራከራት፤ ማስረጃ አቅርብ» አልነው።

በማግሥቱ ከመማሪያ ቤቱ ሁለት መሣሪያ ተውሶ መጣ፤ አንዱ የሙቀት መለኪያ፤ አንዱ ባሮሜትር የሚባል የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥቂት እንናገር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን መሬት፤ ውሃ፤ ነፋስና እሳት አራቱ ባሕርያት እንደ ሆኑ ተምረናል። በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ነፋስ እንደ ሌላው ሁሉ ክብደት እንዳለው ተነገረን። ይህን በመሣሪያ ያሳየው ቶሪቼሊ የሚባል ኢጣሊያዊ ሊቅ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1643 ዓመት፤ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ ባዜቃ ሞልቶ፤ አፉን ቍልቍል አድርጎ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ሲያቆመው፤ ባዜቃው ሁሉ አልፈሰሰም፤ 76 ሳንቲ ሜትር ግድም ቆሞ ቀረ። ደግፎ ያቆመውም በሳሕኑ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ክብደት ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ፓስካል የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ፤ «አየር ክብደት ካለው፤ በተራራ ራስ ላይ ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ባዜቃውም ዝቅ ማለት አለበት» ብሎ አሰበ። እርሱ ራሱ መሄድ ስላልቻለ፤ በክሌርሞን ከተማ ይኖር ለነበረው ለእኅቱ ባል ለፔሪዬ አደራ ሰጠው። ፔሪዬም በ1648 ዓመት በሴፕቴምበር 19 ቀን ቱቦውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ሌላ ቱቦ ከታች በገዳም ትቶ፤ አንድ መነኵሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ዋለ። በገዳሙ የነበረው ባዜቃ ከ71 ሳንቲ ሜትር ግድም ሳይነቃነቅ ሲውል፤ በተራራው ላይ ያለው ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ ይህ ትልቅ የዓለም ትምህርት በአንድ ዘመድ ታማኝነትና በአንድ መነኵሴ ትዕግሥት እንደ ተፈጸመ ልብ ይሏል።

የእኅታችንም ልጅ በመቀሌ የያዘው መሣሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲጐድለው አሳየ። በባሕሩ ዳር በጅቡቲ ቢሆን 76 ግድም ባሳየ ነበር። እንግዲህ ከበላያችን ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን በላይ ከበታች ትተነው ወጥተናል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ማድ ቤት ገባን። ውሃ በድስት ተጥዶ ፈላ። ልጁ የሙቀት መለኪያውን ነከረና ለእናቱ ቍጥሩን አሳያት፤ 93 ዲግሪ ነበር። «ከዚህ በላይ አይወጣም» አላት። እኅታችንም፤ «እሳቱ አንሶ ነው እንጂ ለምን አይወጣም?» ብላ በእጇ እንጨት ጨመረች። ውሃው ተንተከተከ፤ እንፋሎቱ ጣሪያ ነካ፤ ውሃውም እየጐደለ ሄደ፤ መለኪያው ግን ከ93 አልነቃነቅ አለ። ሁለተኛ ጨመረች፤ ያው ነው። እኅታችን ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፤ «መለኪያችሁ ታሟል» አለች።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት አረፋ ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። በባሕር ዳር ጫናው ብዙ ስለ ሆነ፤ አረፋው የሚያሸንፈው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በመቀሌ ጫናው ስለሚቀል በ93 ያሸንፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እሳት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ያባርረዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ባቄላ ደግሞ የሚበስለው በሙቀት ነው፤ በመንተክተክ አይደለም። በ100 ዲግሪ የሚበስለው ባቄላ በ93 ዲግሪ እጅግ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የደጋ እናቶች ይህን በስም ባያውቁትም በልማድ ያውቁታል፤ ባቄላውን አሳድረው ዘፍዝፈው፤ ማልደው ይጥዱታል። ሙሽሪት ግን የእናቷን ሰዓት ከጅቡቲ ይዛ መጣች እንጂ፤ የጅቡቲን አየር ይዛ ልትመጣ አልቻለችም።

እኅታችን ግን በአንድ ምስክር አልረታም አለች። ሕጉም በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል ስለሚል፤ ልጁ ሁለተኛውን ምስክር ከጨው አገር እንዲያመጣ ተስማማን። እኅታችን ራሷ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ በእልፍኝ ውስጥ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፤ በክርም አሰረችው። የእልፍኙ ሙቀት 20 ዲግሪ ነበር። እኛም እንደ ሥራችን ልማድ ሰዓቱንና ቍጥሩን በማስታወሻ ጽፈን፤ ባልና ሚስቱን ይዘን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ በመኪና ተነሣን።

መንገዱ ወደ ዓዲግራት በሚወስደው በኩል እስከ አጉላዕ ይሄድና፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ጎሕ ሲቀድ ከደጋው አፋፍ ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ይሰበራል፤ መንገዱም በገደል ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መጀመሪያ የገብሱና የስንዴው ማሳ፤ ቀጥሎም ቍልቋሉ፤ ከዚያም ግራሩ እየቀረ፤ ኮረብታው ራቍቱን እየወጣ ይሄዳል። ጆሯችን ተደፈነና ምራቃችንን ስንውጥ ተከፈተ፤ እየወረድን በሄድን ቍጥርም ይህ ተደጋገመ። የውጭው አየር ግፊት ሲጨምር የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ነው። በራሕሌ በሚባለው ከተማ ውሃ ልንጠጣ በቆምን ጊዜ ከሌሊት ልብሳችን ግማሹን አወለቅን። ግመል ነጂዎች በጥላ ሥር ዐርፈው ነበር፤ አንዳንዱ ባዶውን የሚወርድ፤ አንዳንዱ አሞሌ ጭኖ የሚወጣ ነው። የጭነት መኪናም ጨው ጭኖ በአጠገባቸው ሲያልፍ አየን።

ከሐመድ ኢላ በኋላ ዐይን የሚደርስበት ሁሉ ነጭ ሆነ። የአሳሌ ሜዳ በሩቁ ሲያዩት ውርጭ የመታው ሐይቅ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን የሚያብረቀርቀው ጨው ነው፤ ምድሩም እንደ ወለል ንጣፍ በየማዕዘኑ ተሰነጣጥቋል። በዚያ አፋሮችና ከደጋ የወረዱ የትግራይ ሰዎች አብረው ይሠራሉ፤ አንዱ የጨውን ንጣፍ በእንጨት ዘንግ ፈንቅሎ ያነሣል፤ አንዱ በመጥረቢያ እየጠረበ ልክ ያስይዘዋል፤ አንዱ ይጭናል። በዚያው አጠገብ ያለው ዳሎል በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ዓመት በተወሰደው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው ከሚኖርበት ስፍራ ሁሉ እንዲህ ያለ ከፍተኛ አማካይ አልተመዘገበም ይባላል። እኛ በደረስንበት ሰዓት ጥር ወር ሆኖ እንኳ 36 ዲግሪ ነበር።

ልጁ ባሮሜትሩን ቢያየው 77 ሳንቲ ሜትር ግድም ሆኗል። ጠርሙሱንም ከከረጢት ባወጣነው ጊዜ ሙሽሪት፤ «ጋሼ፤ ማን ረገጠው?» ብላ ጮኸች። ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፤ ወገቡ ተጨምድዶ ነበር። ክሩ ግን እንደ ታሰረ ነው፤ ክዳኑም አልተነካም። ከውስጡ ምንም አልወጣም፤ ወደ ውስጡም ምንም አልገባም።

እዚህ ላይ የነገሩ ቍልፍ ይገኛል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር በክብደቱ መቀሌ የነበረው ያው ነው፤ ስፍራው ግን ጠበበ። ያው ክብደት በጠበበ ስፍራ ሲቀመጥ ታፈገ ይባላል። በአንድ ስፍራ ውስጥ የሚገኘው የክብደት መጠንም በትምህርት ቤት ቋንቋ እፍግታ ይባላል። ቦይል የሚባለው ሊቅ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1662 ዓመት ያሳተመው ሕግ ይህ ነው፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአየር ግፊት እጥፍ ቢሆን ስፍራው በግማሽ ይቀንሳል፤ እፍግታው እጥፍ ይሆናል። ግፊቱ በሦስት አሥረኛ ቢጨምር፤ እፍግታውም በሦስት አሥረኛ ይጨምራል።

እኛም በማስታወሻችን አሰላን። ግፊቱ ከ59 ተኩል ወደ 77 ስለ ወጣ፤ እፍግታው ወደ ሦስት አሥረኛ ግድም መጨመር ነበረበት። ልጁ ግን፤ «አጎቴ፤ ሙቀቱን ረሱት» አለን። ሙቀት ለግፊት ተቃራኒ ሆኖ አየሩን ይዘረጋዋል፤ ያሳሳዋልም። ለዚህ ስሌት የሚያገለግለው ሙቀት ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ጀምሮ የሚቈጠረው ነው። ስለዚህ የመቀሌው 20 ዲግሪ 293፤ የአሳሌው 36 ዲግሪ 309 ሆኖ ይቈጠራል። ሙቀቱ በዚህ መጠን ስለ ጨመረ፤ ከሦስት አሥረኛው ጭማሪ ጥቂቱን መልሶ ወሰደው፤ የቀረውም ሁለት አሥረኛ ከጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሊትር የነበረው ስፍራ አራት አምስተኛ ግድም ሆኖ ቀረ። ሙቀቱ ባይጨምር ኖሮ ጠርሙሱ ከዚህም በላይ በተጨመደደ ነበር።

ቍጥር ብቻውን ለማይጥመው አንባቢ ደግሞ ይህን እንበል። ወርዱ 4፤ ርዝመቱ 4፤ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ቢኖር፤ በመቀሌ በ20 ዲግሪ ሙቀት በውስጡ ያለው አየር 45 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ያንኑ ክፍል አሳሌ ላይ በ36 ዲግሪ ብናቆመው 55 ኪሎ ግድም አየር ይይዛል። ባዶ የምንለው ክፍል ግማሽ ኩንታል ያህል ሸክም በውስጡ አለ ማለት ነው።

ከዚህም የሦስተኛው ክስ መልስ ተገኘ። ከአየር ውስጥ ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክሲጅን በቈላም በደጋም ከአምስት እጅ አንድ ግድም ነው፤ ድርሻው አይለወጥም። ነገር ግን አየሩ ሁሉ ሲሳሳ እርሱም ይሳሳል። በባሕር ዳር ያደገ ሰው መቀሌ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው በአገሩ ያገኝ ከነበረው ያነሰ ስለሆነ፤ ሳንባው ያንን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ ይሠራል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ሰውነቱ እየለመደ ይሄዳል። ሙሽሪት በዚያ ቀን በአሳሌ ሜዳ ላይ ከእኛ ቀድማ እየሮጠች ጨው ፈላጮቹ ዘንድ ደረሰች። እኛ ሙቀቱ አድክሞን በመኪናው ጥላ ተቀምጠን ስንመለከታት፤ ሰነፍ የተባለችው እርሷ ናትን? አልን።

ከዚያ በኋላ ልጁ አንድ ብልህ ነገር አደረገ። «ይህ ጠርሙስ መቀሌ ስንደርስ ተመልሶ ይነፋል፤ እናቴም ምንም አላይም ትለኛለች። ስለዚህ ሌላ ጠርሙስ ከዚህ ዘግተን እንውሰድ» አለ። የእኛን የውሃ ጠርሙስ ባዶ አድርጎ በአሳሌ አየር ዘጋው።

እንዳለውም ሆነ። ወደ ማታ ዳገቱን ስንወጣ የተጨመደደው ጠርሙስ ቀስ በቀስ ተዘረጋ፤ ቀጭ ቀጭ እያለም ቀድሞ ወደ ነበረበት መልኩ ተመለሰ። ከአሳሌ የተዘጋው ግን ጎኑ ወጥሮ እንደ ከበሮ ጠነከረ። መቀሌ እንደ ደረስን ሁለተኛውን ጠርሙስ በእኅታችን እጅ አኖርነው። ጨምቃ ብታየው አልጨመቅ አለ። «ክፈችው» አልናት። ክዳኑን ስታዞረው ፍሽሽ ብሎ ጮኸ፤ ደንግጣ ልትጥለው ነበር።

«ምን ነበረበት?» አለችን።

«ምንም የለበትም፤ አየር ብቻ ነው። ከታች ታፍጎ ስለ ተዘጋ፤ እዚህ የላላ አየር ባገኘ ጊዜ ሊወጣ ይገፋል። ከባሕር ዳር ታሽጎ የመጣውም ብስኩት በዚሁ ምክንያት ተነፋ እንጂ አልተበላሸም ነበር» አልናት።

እኅታችን ጠርሙሱን ይዛ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሄዳ፤ ምራቷ ጎመን ስትቀነጥስ ባገኘቻት ጊዜ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፤ «ልጄ፤ በአየር ዕዳ ከስሼሻለሁና ማሪኝ» አለቻት። ምራቲቱም ተነሥታ ጉልበቷን ሳመች። እኛ ብዙ ውሳኔ ጽፈናል፤ እንዲህ ያለ አጭር ውሳኔ ግን ጽፈን አናውቅም። ወንድ ልጇን ግን፤ «አንተ እያወቅህ ዝም አልህ» ብላ ስትቈጣው ሰምተን፤ ይህም ተገቢ ፍርድ ነው ብለናል።

በማግሥቱ ልጁ ከከተማው ወደ ደቡብ ወስዶ የአሸጎዳን የነፋስ ኀይል ማመንጫ አሳየን። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሥራ 84 ታላላቅ መዘውሮች ያሉት ሲሆን፤ ኀይሉ 120 ሜጋ ዋት ነው። መዘውሩን የሚያዞረው የነፋሱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱም ነው። በአንድ ዐይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ በደጋ ላይ እፍግታው ከባሕር ዳሩ በአንድ አራተኛ ግድም ስለሚጐድል፤ የሚሰጠውም ኀይል በዚያው መጠን ይጐድላል። አውሮፕላንም ከደጋ ማረፊያ ሲነሣ ክንፉን የሚደግፈው አየር ስለሚሳሳ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተሠራን መሣሪያ ለደጋ አገር የሚያስመጣ ሹም፤ ከዋጋው ጋራ የአገሩን ከፍታ አብሮ ቢያሰላ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ለማድ ቤቱስ ምን መድኀኒት አለው? መድኀኒቱን ያገኘው ፓፔን የሚባል፤ ከላይ ከጠቀስነው ከቦይል ጋራ አብሮ የሠራ ፈረንሳዊ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1679 ዓመት ክዳኑ ጠብቆ የሚታሰር፤ እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ ድስት አሳየ። የታፈነው እንፋሎት ውሃውን ስለሚጫነው፤ ውሃው ቶሎ መፍላት ይከለከልና ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የተራራን ጉድለት በክዳን መሙላት ማለት ይህ ነው። እኛም ከመቀሌ ከመነሣታችን በፊት እንዲህ ያለውን ድስት ገዝተን ለሙሽሪት በስጦታ ሰጠናት። ነገር ግን እንፋሎቱ በደኅና ሳይወጣ ክዳኑን መክፈት ታላቅ አደጋ እንዳለው፤ መተንፈሻውም ዘወትር መጽዳት እንዳለበት ነግረናታል፤ ለአንባቢዎቻችንም እንነግራለን። ይህ ድስት የሌለው ቤት ባቄላውን አሳድሮ ቢዘፈዝፍና ከባድ ክዳን ቢከድንበት፤ ማገዶም ጊዜም ያተርፋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ከመቀሌ ጋራ የሚያገናኘን ስልክ ተቋረጠ፤ የእኅታችንን ድምፅ ሳንሰማ ብዙ ወራት አለፉ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ መስመሩ ሲመለስ፤ መጀመሪያ የሰማነው የእርሷን ልቅሶ ነው፤ ቀጥሎም የሞቱትንና የተረፉትን ዘመዶች ቈጠረችልን። በመጨረሻም፤ «መብራት በጠፋ፤ ከሰል በተወደደ ጊዜ፤ ያች ድስትህ በአንድ እፍኝ ከሰል የተገኘውን ጥቂት እህል ታበስልልን ነበር። ልጄ ናት የምትይዛት፤ እኔ አሁንም ፉጨቷን እፈራለሁ» አለችን። ልጄ ያለቻት ምራቷን ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ከሌላ አገር ወደ ቤታችሁ የመጣች ምራት፤ ወይም ሠራተኛ፤ ወይም እንግዳ በሥራው የጐደለ መስሎ ቢታያችሁ፤ ከመፍረዳችሁ አስቀድሞ የመጣበትን አገር ከፍታና ዝቅታ ጠይቁ። የምታውቁትን እውነት በቤታችሁ ለመናገር የምታፍሩም ብትኖሩ፤ ዝምታችሁ በሌላው ላይ ሸክም እንደሚሆን አስቡ። እኛ ያንን በእኅታችን የታሰረ ክር እስካሁን በማስታወሻችን ውስጥ አኑረነዋል።